ያልተፈረመው ውልና የዱቄቱ ደብተር፦ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በሥራ ክርክር ጉዳዮች ጥብቅና ቆሜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሠራተኞች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አባባል ቢኖር «ውል ስላልፈረምኩ መብት የለኝም» የሚለው ነው። አብዛኞቹ ይህን የሚሉት ሰው ጠይቀው አይደለም፤ አምነውት ይመጣሉ። አምነውት ከነጭራሹ የማይመጡት ደግሞ ከእነዚህ ይበዛሉ ብዬ እሰጋለሁ። አሠሪዎችም በበኩላቸው ወረቀት አለመኖሩን እንደ ጋሻ ይዘውት ይቆማሉ።

ከዚህ በታች የማሰፍረው ጉዳይ ይህ እምነት በሁለቱም ወገን ስህተት መሆኑን አሳይቶኛል። ፊርማ አለመኖሩ በመጨረሻ የጎዳው አሠሪውን ነው። ሠራተኛዋን የጎዳት ሌላ ነገር ነበር፤ ያለፈባት ቀን። የምጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው። የእርሷም፣ የአሠሪዋም፣ የዳቦ ቤቱም ስም አይጠቀስም።

ዳራ

ሠራተኛዋ የ29 ዓመት ሴት ናት። ጥር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ መካከለኛ ዳቦ ቤት በጋጋሪነት ገባች። ባለቤቱ የአክስቷ የአገር ልጅ ናቸው፤ ሥራውንም ያገኘችው በአክስቷ በኩል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሼ፣ ውል አንፈራረምም ወይ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ውል ለባዳ ነው ልጄ፤ እኔና አንቺ ምን ውል ያስፈልገናል?» አሏት። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግማ ስትጠይቅ የሒሳብ ሠራተኛው እያዘጋጀው እንደሆነ ነገሯት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችም። ማስቸገር መስሎ ታያት።

ሥራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይቆያል። ዱቄት ትረከባለች፣ ሊጥ ታስቦካለች፣ ሁለት ረዳቶችን ታዝዛለች፣ ምድጃውን ትቆጣጠራለች፣ የወጣውን ዳቦ ቆጥራ ለሽያጭ ታስረክባለች። ደሞዟ በወር 6,000 ብር ነበር። መጀመሪያ በእጅ ይሰጣት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ከባለቤቱ የግል የባንክ ሒሳብ ወደ እርሷ ሒሳብ ይገባ ጀመር። የጡረታ መዋጮ አልተቆረጠላትም። የዓመት ፈቃድ የምትለው እናቷ ታመው አገር ቤት የሄደችባቸውን 10 ቀናት ብቻ ነው።

ችግሩ

2016 ዓ.ም. ሚያዝያ በዓላት የተደራረቡበት ወር ነበር። ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 2፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ ስቅለት ሚያዝያ 25፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 27 ዋለ። ዳቦ ቤት በበዓል አይዘጋም፤ እንዲያውም የሚሠራው ያኔ ነው። እርሷም በአራቱም ቀን ገብታለች። ሚያዝያ 30 ደሞዟ የወትሮው 6,000 ብር ሆኖ ሲገባ፣ ለበዓሉ ቀናት የሚታሰብ ነገር እንዳለ ባለቤቱን ጠየቀች። መልስ አልሰጧትም። ግንቦት 1 ምሽት ላይ በስልኳ አጭር መልእክት ደረሳት፦ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ። ቁልፉን ለጥበቃው ስጪው።»

ቁልፉን ሰጠች። መልእክቱን ልታጠፋው ነበር፤ ባየችው ቁጥር ያማት ስለነበር። አክስቷ «ተዪው፣ ይቀመጥ» ባይሏት ኖሮ ከጉዳዩ ዋና ማስረጃዎች አንዱ በዚያው ይጠፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሄደችው ወደ ሕግ ሳይሆን ወደ ሽማግሌዎች ነው። ሦስት ሽማግሌዎች አራት ጊዜ እሑድ እሑድ ተሰበሰቡ። ባለቤቱ በእያንዳንዱ ስብሰባ ተለሳልሰው፣ በእያንዳንዱ ስብሰባ ቀጠሮ አስረዝመው ይሄዱ ነበር። የመጨረሻው ቃላቸው «የፍልሰታ ጾም ይግባና እንነጋገራለን» የሚል ነበር። ጾሙ ነሐሴ 1 ገባ። እርሷ እኔ ዘንድ የመጣችው ነሐሴ 14 ቀን ነው።

ሽምግልናን አልነቅፍም። ያደግሁበት ነው፤ ብዙ ቤት ሲያድን አይቻለሁ። ሆኖም በሥራ ጉዳይ ሕጉ ጊዜ ይቆጥራል፤ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡም ቆጠራው አይቆምም። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ መጠየቅ የሚችለው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሦስቱ ወር ያበቃው ነሐሴ 2 ነበር። የዘገየችው በ12 ቀን ነው።

ሕጉ ምን ይላል

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ነጥብ ላይ የሚያሻማ ነገር የለውም። የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው ደሞዝ እየተከፈለው በአሠሪው አመራር ሥር ለመሥራት ሲስማማ ነው (አንቀጽ 4)። ልዩ ፎርም አያስፈልገውም (አንቀጽ 5)። በጽሑፍ ካልተደረገ፣ የውሉን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀናት ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው (አንቀጽ 7)። ይህ ሳይደረግ ቢቀር ሠራተኛው በአዋጁ የተሰጡትን መብቶች አያጣም (አንቀጽ 8)። ግዴታውን ያልፈጸመው አሠሪ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን ሠራተኛው እንዲሸከም ሕጉ አልፈለገም።

ሰዎች ለምን ተቃራኒውን እንደሚያምኑ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛው ምክንያት ይመስለኛል የብድር ሕጉ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ማስረዳት አይቻልም። ይህ ደንብ ከገበያ እስከ ዕድር ድረስ ይታወቃል፤ ሰው ሁሉ «ያልተጻፈ ነገር ፍርድ ቤት አይቆምም» የሚለውን ከዚያ ወስዶ ለሥራም አድርጎታል። የሥራ ውል ግን በምስክርም፣ በባንክ ማስረጃም፣ በስልክ መልእክትም ይረጋገጣል።

ብዙ አሠሪዎች የማያውቁት ደግሞ የነገሩ ሌላኛው ገጽ ነው። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ጊዜያዊ ነበር የሚል አሠሪ ማስረዳት አለበት። የሙከራ ጊዜም ቢሆን የሚጸናው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግ ብቻ ነው፤ ያም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ስለዚህ ወረቀት ያላዘጋጀ አሠሪ «በሙከራ ላይ ነበረች» ወይም «ለተወሰነ ጊዜ ነው የቀጠርኳት» የሚሉትን መከራከሪያዎች በገዛ እጁ ጥሏቸዋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሥራችን ማስረጃ መቁጠር ነበር። ምን እንዳላት ስጠይቃት «ምንም» አለችኝ። «ሥራ ላይ ስትሆኚ ምን ላይ ትፈርሚ ነበር?» ብዬ ስጠይቃት ግን ዝም ብላ ቆየችና «ዱቄት ስረከብ ደብተር ላይ እፈርማለሁ» አለችኝ። በስልኳ ውስጥ የደብተሩ ሦስት ገጾች ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶውን ያነሳችው አንድ ኩንታል ጎደለ ተብላ በተጠረጠረችበት ጊዜ ራሷን ለመከላከል ነው።

ደብተሩ ባለ ሰማያዊ ሽፋን፣ ጠርዙ በዱቄት የነጣ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በእስክርቢቶ አራት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ቀን፣ የተረከበው ኩንታል፣ የወጣው ዳቦ፣ ፊርማ። በየመስመሩ የእርሷ ፊርማ አለ። በየሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ጥግ ላይ በቀይ «አይቻለሁ» ተብሎ የባለቤቱ ፊርማ ይገኛል። ውል አልፈረመችም የተባለችው ሴት ለሁለት ዓመት ከአራት ወር በየሌሊቱ ስትፈርም ነበር። «በአሠሪው አመራር ሥር» የሚለውን የሕግ ቃል ከዚያ ቀይ «አይቻለሁ» የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም።

ከባንኳ የሒሳብ መግለጫ አወጣን። ደሞዟ በባንክ መግባት ከጀመረ ወዲህ ከአንድ ሰው ሒሳብ በየወሩ መጨረሻ 6,000 ብር ገብቷል። የግንቦት 1ን መልእክት ከነቁጥሩና ከነሰዓቱ አሳትመን አያያዝን። ለምስክርነት ከቀረቡልን አራት ሰዎች ሁለቱ፣ አሁንም እዚያው የሚሠሩት ረዳቶች፣ ፈርተው ተመለሱ። አልፈረድኩባቸውም። የቀሩት አንድ የቀድሞ ሊጥ አቡኪና ዱቄት ያመጣ የነበረ የጭነት መኪና ረዳት ናቸው።

ነሐሴ 17 ለክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገባን። ወደ ፍርድ ቤት በቀጥታ መሄድ ይቻል ነበር። እዚያ የሄድነው በሁለት ምክንያት ነው፦ በስምምነት የማለቅ ዕድል ስለነበረው፣ ደግሞም አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ አቤቱታ የይርጋውን፣ ማለትም መብት የሚጠየቅበትን የጊዜ ገደብ፣ ቆጠራ ስለሚያቋርጥ። ሽማግሌዎቹ ሊያደርጉላት ያልቻሉትን ይህ አንድ ገጽ ማመልከቻ አደረገላት። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ተጠርተው አልቀረቡም፤ በሦስተኛው ቀርበው «ሠራተኛዬ አይደለችም» ብለው ሄዱ። ጽሕፈት ቤቱም ስምምነት አለመደረሱን በጽሑፍ ሰጠን።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ መሠረትን። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች በገንዘብ እጥረት ብቻ ይቀራሉ። ከክሱ ጋር፣ ደብተሩ ከዳቦ ቤቱ ተይዞ እንዲቀርብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት ትእዛዝ ጠየቅን።

ክርክሩ

የባለቤቱ መልስ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። አንደኛ ውል የለም፣ ስለዚህ ሠራተኛ አይደለችም። ሁለተኛ፣ ናት ከተባለም በሙከራ ላይ የነበረች ጊዜያዊ ናት። ሦስተኛ፣ ራሷ ሥራ ጥላ ቀረች። በባንክ የገባው ገንዘብ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ «ለአገር ልጅ የማደርገው እርዳታ ነው» አሉ። ዳኛዋ አንድ ጥያቄ ብቻ አስከተሉ፦ እርዳታው ለምን በየወሩ መጨረሻ፣ ሁልጊዜ 6,000 ብር ሆነ? መልስ አልተገኘም።

ደብተሩን በተመለከተ መጀመሪያ ጠፍቷል ተባለ። ፎቶግራፎቹ ሲቀርቡና ችሎቱ ትእዛዙን ሲደግመው በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሩ ተገኝቶ መጣ። ጠርዙ እንደነጣ ነበር። ከገጾቹ አንዱም አልተቀደደም፤ ለዚህ ለባለቤቱ ምስጋና ይገባቸዋል።

«ጥላ ቀረች» የሚለው መከራከሪያ በአጭር መልእክቱ ወደቀ። መልእክቱ ባይኖርም ኖሮ አዳጋች ይሆንባቸው ነበር፤ ምክንያቱም በመቅረት ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ሠራተኛው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ሲቀርና ስለ መቅረቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው ነው። የተሰጣት ጽሑፍ የለም።

የተገኘው ውጤት

ፍርዱ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ተሰጠ። ሕጉ የሥራ ክርክር በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወሰን ቢያዝም የእኛ ሰባት ወር ወስዷል። ችሎቱ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ እንደሆነና የተቋረጠውም ከሕግ ውጭ እንደሆነ ወሰነ። የቀን ደሞዟን ወርሃዊውን ለ30 በማካፈል 200 ብር አድርጎ ያዘ።

ስሌቱን በዝርዝር የማስቀምጠው በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የራሱን አስቦ እንዲያይበት ነው። ካሣው የቀን ደሞዟ 180 ጊዜ ተባዝቶ 36,000 ብር ሆነ። ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገለች የማስጠንቀቂያ ጊዜዋ ሁለት ወር ነው፤ 12,000 ብር። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው አገልግሎት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ እየታከለበት 8,666 ብር ከ67 ሳንቲም መጣ። ላልወሰደችው የ27 ቀን የዓመት ፈቃድ 5,400 ብር ተፈቀደ። ከየካቲት ወዲህ ላሉት አምስት የበዓል ቀናት፣ አድዋን ጨምሮ፣ የሰዓት ደሞዟ በእጥፍ ታስቦ 2,000 ብር ተወሰነ፤ ቀናቱን ያረጋገጠውም ደብተሩ ነው። ክፍያው በመዘግየቱ ችሎቱ እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ድረስ መጨመር ይችል ነበር፤ የአንድ ወር፣ ማለትም 6,000 ብር ጨመረ። በድምሩ 70,066 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀትም እንዲሰጣት ታዘዘ።

ገንዘቡ በፈቃደኝነት አልተከፈለም። የአፈጻጸም መዝገብ ከፍተን ትእዛዝ ከደረሳቸው በኋላ በሁለት ጊዜ ከፈሉ።

ያልተሳካው

ወደ ሥራዋ መመለስ አልቻለችም። ገንዘቡ ሲነገራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምድጃዬስ?» የሚል ነበር። የምትወደው ሥራ ነበር፤ የሰለጠነችውም በዚያው ምድጃ ላይ ነው። ምናልባት ችሎቱ በካሣ ይበቃል ሊል ይችል ነበር፤ ጥያቄው ግን ከመቅረቡ በፊት በ12 ቀን ተዘጋ።

የትርፍ ሰዓት ክፍያም አልተሳካም። በየቀኑ 10 ሰዓት ሠርታለች፤ ከ8 ሰዓት በላይ ያለው ሁለት ሰዓት ትርፍ ነው፤ በሌሊት ለሚሠራው ደግሞ የሰዓቱ ደሞዝ በ1.75 ይባዛል። ነገር ግን ደብተሩ ቀን እንጂ ሰዓት አይጽፍም። ሊጥ አቡኪው ስለ መግቢያ ሰዓት ሲጠየቅ አንዴ 9 አንዴ 10 እያለ ተደናገረ። ችሎቱ በቂ ማስረጃ የለም አለ። ውሳኔው ቢከብደኝም መሠረት የለውም ማለት አልችልም። የገናና የጥምቀት ክፍያም ስድስት ወር ስላለፈው በይርጋ ወደቀ።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። የጡረታ መዋጮውን ጉዳይ ከመጀመሪያው አልያዝኩትም። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ትኩረቴን በሙሉ ለካሣው ሰጥቼው ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር አገልግሎት ለእርጅናዋ እንዲቆጠርላት ማድረግ ግን ከካሣው የሚያንስ አይደለም።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ፊርማ የሌለው ሠራተኛ መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ሥራዬ የት የት ላይ ምልክት ትቷል?» ብሎ ነው። የዕቃ መረከቢያ፣ የጥበቃ መዝገብ፣ የሰዓት ፊርማ፣ በቴሌግራም የተላከ የሥራ ትእዛዝ፣ የደንበኛ ደረሰኝ ላይ ያለ ስም፣ ሁሉም ይቆጠራል። ደሞዝ በእጅ የሚቀበል ሰው በዚያው ቀን ወደ ራሱ ሒሳብ ቢያስገባው መጠኑና ቀኑ ይመዘገብለታል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ደግሞ በየቀኑ በራስ ደብተር ላይ ቢጻፍ፣ እኛ ያጣነውን ማስረጃ ያስገኛል ባልልም መነሻ ይሆናል፤ ምስክርም አይደናገርም።

ሽማግሌ መላክ የፈለገ ይላክ፤ አቤቱታውን ግን በዚያው ሳምንት ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያስገባ። ሁለቱ አይጣሉም። አሠሪ ለሆነ አንባቢም የምለው አለኝ፦ አንድ ገጽ ውል የሠራተኛውን ያህል እርስዎን ይጠብቃል። የሙከራ ጊዜ ቢፈልጉ፣ የጊዜ ገደብ ቢፈልጉ፣ ያለዚያ ገጽ አያገኙትም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ይህ አዋጅ ሁሉንም አይሸፍንም። የሥራ መሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይታያሉ። ያልተፈረመ ውል ይዞ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ማጣራት ያስፈልጋል።

ያለንበት ሁኔታ

ሠራተኛዋ ዛሬ በሌላ ዳቦ ቤት ዋና ጋጋሪ ናት። ውሏን በገባች በ11ኛው ቀን ተቀብላ ቅጂውን ለእኔም አምጥታልኛለች፤ ደሞዟ፣ የሥራ ሰዓቷና የዓመት ፈቃዷ በውሉ ላይ ተጽፏል። የጡረታ መዋጮውን ጉዳይ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት አመልክተናል። ከማመልከቻው ጋር ያያያዝነው የፍርዱን ግልባጭና ከመዝገብ ቤት ያወጣነውን የደብተሩን ቅጂ ነው።